ቁልቋል ላይ የተሰጣ ነጠላ

የደረስኩ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። እህቴ ከመሐለኛው ምሰሶ ሥር፣ መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሴት ልጇ ከኋላዋ ቆማ የእናቷን ትከሻ በሁለት እጇ ይዛለች። ጎረቤታቸው፣ የቁርአን አስተማሪው የሼኹ ባለቤት፣ ከእህቴ በስተቀኝ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። የሟቹ ወንድም መግቢያው አጠገብ ቆሞ ለቅሶ ደራሽ ይቀበላል። የነፍስ አባታቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር በግራ በኩል አግዳሚ ላይ ናቸው። እኔ ደግሞ አንድ እግሬን አስገብቼ አንድ እግሬን ውጭ ትቼ ቆሜያለሁ።

የሞተው የእህቴ ባል ነው። ወሬው የምኖርበት መካነ ሰላም የደረሰኝ በቀብሩ ዕለት ረፋድ ላይ ስለነበር አልደረስኩበትም። እህል አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ መገንጠያው ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። እዚያ ግቢ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በስድስቱም ዓመት ከእህቴ ጋር ቃል አልተለዋወጥንም።

የሟቹ ወንድም አየኝና መንገድ ለቀቀልኝ። አንዲት ሴት ለጎኗ ሰው “ጸሐፊዋ መጣች” ስትል ሰማሁ። ስሜን የምታውቅ ሴት ናት።

እህቴ ተነሣች። ፀጉሯን ተላጭታ ነበር። ለቅሶ ላይ ኩርፊያ አይነሣም፤ የተጣላም ቢሆን ተቃቅፎ ያለቅሳል። ከዚያ በኋላ ጠቡ ይቀጥል አይቀጥል የሚታወቀው ከሣልስት በኋላ፣ ድንኳኑ ሲነቀል ነው። አንገቷን አንገቴ ላይ ጣለች፤ በሁለት መዳፏ የነጠላዬን ጀርባ ጨመደደች። ጮኻ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ጀመርኩ። ፊቷን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገች። ያን ጊዜ ልቅሶዋ መሐል ላይ ተቆረጠ። ትንሽ ወደ ኋላ ብላ አየችኝ። ተመልሳ ተቀመጠች።

ልጇን አቀፍኩ። የሼኹን ባለቤት አቀፍኩ። “አብሽሪ፣ አብሽሪ” አለችኝና ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ ከሴቶቹ መሐል ቦታ ይዤ ተቀመጥኩ።

ብዙ ሳይቆይ አንገቴ ይበላኝ ጀመር። ድካምና ላብ መሰለኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ማከክ ነውር ስለሆነ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቻልኩት። መብላቱ ግን ከአገጬ ሥር ወደ ጆሮዬ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ደረቴ ወረደ። ራሴን ወደ ግራ ሳዘነብል በቀኝ ይወጋኛል፣ ወደ ቀኝ ሳዘነብል በግራ። የነጠላዬን ጥለት በሁለት ጣቴ ይዤ በድንኳኑ ቀዳዳ ወደሚገባው ብርሃን ጠጋ አደረግሁት። ክሩ ላይ ወርቅማ፣ ከሽፋሽፍት የቀጠነ ነገር ተተክሎ አየሁ። አንድ አይደለም። ጥለቱ በሙሉ እንደ ገብስ ዛላ ሆኗል።

የተከራየሁበት ግቢ አጥሩ ቁልቋል ነው። ያ ረጅሙ ወተታሙ ሳይሆን ዝርግ ቅጠል ያለው፣ ፍሬው የሚበላው። የግቢው ሴቶች ጋቢና ብርድ ልብስ ያሰጡበታል፤ ትልቁ እሾህ ጨርቁን ነክሶ ስለሚይዘው ነፋስ አይወስደውም። ፍሬው በቀላ ጊዜ ግን ማንም ምንም አያሰጣበትም። ፍሬው ላይ ያለው ደቃቅ እሾህ በፀሐይ ይደርቅና ነፋስ በነካው ቁጥር ይረግፋል። ይህን የማያውቅ የኛ አገር ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። ወቅቱ የመስቀል ሰሞን ነበር፤ ገመዱን የአከራዬ ብርድ ልብሶች ይዘውታል፤ ነጠላዬን ለትንሽ ጊዜ ብዬ አጥሩ ላይ ጣል አደረግሁት። ወሬው ሲደርሰኝ እርጥቡን አንሥቼ ተነሣሁ። በለቅሶ ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ ወደ አንገት መጥቶ ነው የሚለበሰው። አጥሩን የነካው ጫፍ እህቴ ጉንጯን ያሳረፈችበት፣ ዓይኗን የጠረገችበት ሆነ።

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ግን ከስድስት ዓመት በኋላ መጥታ እህቷን በእሾህ አቀፈቻት ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ነጠላውን ቀስ ብዬ ገልብጬ አጣጠፍኩና ከበስተጀርባዬ አስቀመጥኩት። ከቦርሳዬ ሹራብ አውጥቼ ለበስኩ።

ሴቶቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። በመጀመሪያ ልጅቷ፣ ቀጥሎ የሼኹ ባለቤት፣ ከዚያ እነሱን ያቀፉት ሌሎቹ። የሼኹ ባለቤት ክንዷን በክንዷ እየፈተገች ወደ ልጅቷ ዞር አለች።

“ወላሂ ይሄ ቁንጫ የኛን ቤት ለቆ እናንተ ዘንድ የመጣው ንፍሮ ሸቶት ነው።”

ሁለት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ልጅቷ ግን ፊቷ ተለወጠ። ቤታችን ቁንጫ አለበት ተባለ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ የተጎዘጎዘውን ሣር በሙሉ ጠርጋ አወጣች፤ መሬቱ ላይ አመድ ነሰነሰች፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ብርድ ልብሱን ተሸክማ ወንዝ ወረደች። አባቷ ከታመመ ጀምሮ እንቅልፍ አላየችም ነበር። ሣሩን ስታወጣ እኔም አብሬ ተሸከምኩ። አዲስ ሣር ስታመጣም ተቀብዬ ጎዘጎዝኩ። ማታ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት ነጠላ የት እንዳለ በየደቂቃው እያየሁ።

አሁን ስድስቱን ዓመት ምን አጣላችሁ ለሚል ሰው ልንገር።

የመሬት ሽግሽግ ጊዜ እኔ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ የጽሑፍ ሥራ እሠራ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበር ዝርዝር ሲመጣ እኔ ነበርኩ የምገለብጠው። የእህቴ ባል በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ስለነበረ ቢሮክራት ከተባሉት የቀድሞ ሹሞች ጋር ተመደበ፤ ከእርሻው ትልቁ ክፍል ለሌሎች ተከፋፈለ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ እህቴ ሄዳ አየችው። በመሠረተ ትምህርት ነው ማንበብ የተማረችው፤ የኔን ጽሑፍ ግን ከደብዳቤዬ ታውቀዋለች። ቤቴ ድረስ መጥታ ቆማ ጠየቀችኝ። የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ዝርዝሩም የተሰጠኝ በተለጠፈበት ዕለት ነው፣ ገልብጪ ተባልኩ ገለበጥኩ አልኳት። ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች።

አልመረጥኩም፤ እሱ እውነት ነው። የተሰጠኝ ግን በተለጠፈበት ዕለት አይደለም። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። በመሐሉ አንድ እሑድ እህቴ ቤት ሄጄ ነበር። እሷና ባሏ ፍግ በቅርጫት ተሸክመው ወደዚያው እርሻ እየተመላለሱ ነበር። ባልየው ሸክሙን አውርዶ ሰላም አለኝ፤ የዘንድሮው ስንዴ ሲደርስ ቂጣ ትበያለሽ አለኝ። ሳልነግራቸው ምሳ በልቼ ተመለስኩ። ሥራዬን ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሁለተኛው ቀን የእህቴ ግራ ዓይን አበጠ። የላይኛው ቆብ ቀልቶ ግማሽ ድረስ ወረደ። እንባ ሲመጣባት ቆቡ ውስጥ የሚወጋት ነገር ስላለ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፤ ስትጠርገው ይብስባታል። ልጅቷ በወረንጦ የእናቷ አንገት ላይ ያለውን ቀይ ቀይ ነገር ለመልቀም ሞከረች፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ወረንጦው የአባቷ ነበር። ገበሬ ነውና ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ያደርገው ነበር፤ ሲገንዙት ነው የፈታችው። ደቃቁ እሾህ በወረንጦ ሲያዝ ከላይ ይሰበርና ሥሩ ይቀራል። የባሰ ቀላ።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ውኃ አምጡ ሳይሉኝ ውኃ አመጣለሁ። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ የሼኹ ባለቤት በዓይኗ ትከተለኛለች። አንዴ “አንቺን ቁንጫው ተረከዝሽን ነው እንዴ የበላሽ፣ አላስቀምጥ አለሽ” አለችኝ። ሳቅኩ። ቦታ ቀይሬ ተቀመጥኩ፤ ወዲያው ተነሣሁ።

ልጆች ሆነን ቁልቋል ፍለጋ ገደሉን እንወርድ ነበር። ፍሬውን በቅጠል መሬት ላይ እያንከባለልን እሾሁን እናራግፋለን፤ ግን እኔ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ፤ መዳፌ በደቃቁ እሾህ ይሞላል። እህቴ ፊት ለፊቴ ትንበረከክና ፀጉሯን ፈትታ “እጅሽን እዚህ ውስጥ ፈትጊ” ትለኛለች። ፀጉር ደቃቁን እሾህ ጠርጎ ያወጣል። ከዚያ እሷ ራሷን ስታክ ትውላለች። ያን ሁለት ቀን ያ ነገር ከራሴ አልወጣ አለ። አሁን እሷ ፀጉር የላትም።

በሣልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወንዶቹ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። የነፍስ አባታቸው መርቀው ሄዱ። የሟቹ ወንድም ከዓይኗ የተነሣ እህቴን ወደ ከተማ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት አለ። እሷ ከደጁ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ልጅቷና የሼኹ ባለቤት ከጎኗ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜያለሁ። የሚመለሰው መኪና መገንጠያው ላይ ከምሳ በፊት ያልፋል፤ ዳገቱን ለመውጣት ያኔ መነሣት ነበረብኝ።

እህቴ የትም አልሄድም አለች። ይሄ የጤና ጣቢያ ነገር አይደለም አለች። ከዚያ ዓይኗን እንደጨፈነች ቀስ ብላ፣

“ያ ሰውዬ እንዳላለቅስለት ከለከለኝ” አለች።

በመጨረሻው ሰሞን ሕመሙ ሲያበሳጨው አንድ ቀን በቁጣ መልሳ እንደተናገረችው፣ ይቅርታ ሳትጠይቀው እንደሞተ፣ ለዚህ ነው እንባዋን ያልተቀበላት ብላ ለልጅቷ ነገረቻት። ይህን ያለችው እንደ ተረጋገጠ ነገር ነው። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። የሼኹ ባለቤት እንዲህ አይባልም፣ አላህ ያዝንብሻል አለቻት።

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። የተጣጠፈውን ነጠላ አውጥቼ ጥለቱን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት።

“እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። የቁልቋል እሾህ ነው፤ በነጠላዬ አምጥቼባችሁ ነው።”

የሼኹ ባለቤት ጎንበስ ብላ አየችው። አንገቷን በጣቷ ነካች፣ መልሳ ነጠላውን አየች።

“ሱብሃነላህ። ልጅቷን ሦስት ቀን ቁንጫ አስለቅመሻታል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ” አለች።

ልጅቷ ፍራሹን ወዳሰጣችበት አቅጣጫ ብቻ ዞር ብላ አየች። ያ አየት ማድረጓ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እህቴ በደህናው ዓይኗ እያየችኝ ነበር።

“ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?”

“ከመጣሁ ዕለት ጀምሮ።”

ወንዶቹ ምሰሶውን ሲነቅሉ የሸራው ድምፅ ይሰማል።

“ያኔስ?”

የትኛውን እንደምትል ለማጣራት አልሞከርኩም።

“አሥራ አንድ ቀን” አልኳት።

“እሑድ መጥተሽ ነበር።”

“መጥቼ ነበር።”

“ፍግ እያጋዝን ነበር።”

“አዎ፣ እትዬ።”

የሼኹ ባለቤት የምናወራው አልገባትም፤ ወይም ገብቷት እንዳልገባት ሆነች። ተነሥታ ዕቃ ልታመጣ የምትሄድ መሰለች፤ ግን ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። እህቴ ለረጅም ጊዜ እግሯን ስታይ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ወደኔ ቀና አድርጋ፣ “አውጪልኝ” አለች።

ልጅቷ ከሣልስቱ የተረፈ ጧፍ አመጣች። ሰሙን በብረት ማንኪያ ላይ አቅልጬ፣ ትንሽ ሲበርድ እጄ ላይ ሞከርኩትና አንገቷና ጉንጯ ላይ ቀባሁት። ላዩ ላይ ቀጭን ጨርቅ አሳረፍኩበት። ሰሙ እስኪጠነክር ቆይቼ ጨርቁን በአንድ ጊዜ ነጠልኩት። ደቃቁ እሾህ ከሰሙ ጋር ቆሞ ወጣ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። የሼኹ ባለቤት ተመልሳ መጥታ ስታይ ቆይታ አንገቷን ዘረጋችልኝ።

“የእናንተ ጧፍ የኔን አንገት አውቆ ይይዛል?” አለች። ያዘ። በክንዷም ደገምኩላት። ለልጅቷም አደረግሁላት፤ እሷ ዓይኔን አላየችም፤ ግን አንገቷን አልከለከለችኝም።

ዓይኑ ቀረ። እዚያ ሰም አይደረግም። እህቴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ወደ ኋላ ለቃ የልጇ ሆድ ላይ አሳረፈች። እኔ ከፊቷ ቆምኩ። የሟቹን ወረንጦ ልጅቷ ሰጠችኝ። መነጽሬን አደረግሁ። ወደ ታች ተመልከች አልኳት፤ ተመለከተች። ቆቡን በአውራ ጣቴ ገለበጥኩት። ክርኔን ትከሻዋ ላይ ተከልኩ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም፤ ቀዩን ብቻ። ትንሽ ወደ ፀሐይ ዞር በይ አልኳት። ያኔ አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች። ወረንጦውን ሳቀርብ ሽፋሽፍቷ አልተንቀሳቀሰም። እንዳመነችኝ የነገረችኝ በዚያ ብቻ ነበር።

ያዝኳት፣ ሳብኳት፣ ወጣች። በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጌ አሳየኋት። አንድ ጊዜ አየቻት፣ ሁለት ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ምንም አልከለከለውም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ባሏን በስሙ ጠራችው፣ በበሬዎቹ ስም ጠራችው፣ የተወሰደበትን እርሻ በስሙ ጠራችው። የሟቹ ወንድም ሸራውን ጥሎ መጣና አጠገቧ ቆሞ አብሯት አለቀሰ። እኔ ወረንጦውን ይዤ ቆሜ ነበር።

ልቅሶዋ ጋብ ሲል መዳፎቿን እርስ በርስ ስታሽ አየሁ። ነጠላዬን የጨመደደችበት እጅ ነው። መዳፉ በሙሉ ቀይ ነጠብጣብ ሆኗል። ለሰም ብዙ ነው፤ ለወረንጦ ደቃቅ ነው። ሻሼን አወለቅሁ። ፀጉሬን ፈታሁና ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ፤ ራሴን ጭኗ አጠገብ ዝቅ አደረግሁ። እሷ ሁለት እጇን ፀጉሬ ውስጥ አስገብታ ማሸት ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ቀጥላ በኃይል። ራሴን ወዲያና ወዲህ ስትገፋው ይታወቀኛል። አላመመኝም ማለት አልችልም።

የሼኹ ባለቤት ከላይ “በቃ፣ ትመልጫታለሽ” አለች። እህቴ ግን ሁለቱንም መዳፍ አዳርሳ እስክትጨርስ አልተወችኝም።

ስነሣ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ሻሼን አሰርኩ። ነጠላዬን ገልብጬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና አፉን ቋጠርኩት። ያለ ነጠላ፣ በሹራብ ብቻ ከለቅሶ ቤት ልወጣ ነው። ልጅቷን ብርድ ልብሱን በከንቱ ስላሳጠብኩሽ ይቅር በይኝ አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ እህቴ ሄድኩና እግዚአብሔር ያጥናሽ ብዬ ጎንበስ አልኩ። አልሳመችኝም፤ ወደ ልጇ ዞረች።

“ከሣጥኑ ውስጥ ያለውን የኔን ነጠላ ስጫት። ለአርባው ትመልሰው።”

ልጅቷ ነጠላውን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ለበስኩትና ዳገቱን ያዝኩ።